የፕላዝማው መስኮትና የክፍሉ መምህር

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በሐዋሳ ከተማ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ዛሬ ፕላዝማ አለን» ሲል፣ የሚናገረው ስለ አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ አልነበረም፤ ስለ ክፍለ ጊዜው ነበር። ቃሉ ከፊዚክስ መጽሐፍ ተነሥቶ የቴሌቪዥን ስም ሆነ፤ ከቴሌቪዥንም ተሻግሮ የትምህርት ስም ሆነ። በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው ሰው «የፕላዝማ መምህር» ተባለ። ጠመኔ ይዞ ከተማሪዎቹ ፊት የቆመው መምህር ግን ማዕረጉ ምን እንደ ሆነ ለራሱም ግልጽ ሳይሆን ቀረ። ይህ እንዴት እንደ ደረሰ ለመረዳት መሣሪያውን ከጥንት መሠረቱ መመርመር ያስፈልጋል፤ መሠረቱም ከሚታሰበው የራቀ ነው።

መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወርዶ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው መንገድ ሐዋሳን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ከኬንያ ወሰን የሚገባው ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የእጅ ሰዓት፣ በኋላም ሞባይል ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ከተማይቱን ሳይሳለም አያልፍም (ቀረጥ ተከፍሎበት ይሁን ሳይከፈልበት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም)። መናኸሪያ ባለበት ደግሞ ጠጋኝ አይታጣም። አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ የእርሳስ መበየጃ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ጥቂት ዕቃዎች፦ ወርክሾፕ ለሌለው ትምህርት ቤት የቴክኖሎጂ መምህር ይህች ጠረጴዛ ወርክሾፕ ናት። ብልህ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ አዲስ ዕቃ መግዛት ባይችል እንኳ፣ የተበላሸውን ሲከፍቱ ቆሞ በማየት ብቻ ለነገው ክፍለ ጊዜ የሚሆን ነገር ይዞ ይመለሳል።

ይህ ልማድ በሞባይል ዘመን የተጀመረ አይደለም። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የትራንዚስተር ሬዲዮ በአሜሪካ የተሸጠው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት ትራንዚስተሮች አራት ብቻ ነበሩ። ጃፓኖችም በዚያው ዓመት ተከተሉ። ሐዋሳ ከተማ ሆና በተቆረቆረችበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ ሬዲዮ የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልደረሰበት የገጠር ቤት መግባት ጀምሮ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ሲጀምር፣ በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር፣ በየአውራጃው ከተማ ሬዲዮ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ መምህሩ ነበር። የትምህርት በሬዲዮም ተስፋፍቶ የክፍሉ መምህር ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ ከፕሮግራሙ በፊት የሚዘጋጀውንና ከፕሮግራሙ በኋላ የሚጠየቀውን በመምሪያው መሠረት ያከናውን ጀመር። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሬዲዮው ድምፅ ብቻ ስለ ነበረው ሥዕሉን የሚሠራው መምህሩ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ከእጁ አልወጣም። የመሣሪያው ጉድለት ለሰውየው ሥራ አስቀረለት ማለት ይቻላል።

ፕላዝማው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1952 ዓ.ም. «ፕላቶ» የተባለ፣ ተማሪን በኮምፒዩተር የሚያስተምር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ተማሪው ጥያቄ በመስኮት ይመለከታል፤ መልሱን በቁልፍ ይጽፋል፤ መሣሪያውም መልሱን መርምሮ ወደ ፊት ያሳልፈዋል ወይም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ችግሩ መስኮቱ ላይ ነበር። ተራው የቴሌቪዥን ቱቦ ሥዕሉን ይዞ ለማቆየት በየጊዜው እንደገና መሣል አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የኮምፒዩተር ማስታወሻ በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ነበር። ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሮበርት ዊልሰን በ1956 ዓ.ም. ክረምት መፍትሔውን አገኙት። በሁለት መስታወቶች መካከል ጋዝ የተሞሉ ጥቃቅን ጓዳዎች ተደረደሩ፤ በተለዋዋጭ ቮልቴጅ አንድ ጊዜ የበራ ጓዳ በግድግዳው ላይ በሚከማቸው ቻርጅ አማካይነት ሳይነካ እንደ በራ ይቆያል። መስኮቱ ራሱ አስታዋሽ ሆነ ማለት ነው። የፕላዝማ መስኮት እንግዲህ የተወለደው ለመዝናኛ ሳይሆን ለትምህርት ነው፤ ያውም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከመከፈቱ ከጥቂት ወራት በፊት።

በ1964 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አራተኛው ፕላቶ ብርቱካናማ ብርሃን ያለው፣ በጎኑና በቁመቱ 512 ነጥቦች የነበሩት መስኮት ነበረው። ተማሪው መስኮቱን በጣቱ ሲነካ ቦታው ይታወቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱን የሚጽፉት አስተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ተብሎ «ቲዩተር» የሚባል ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። መሣሪያው ይጠብቃል፤ ተማሪው ካልመለሰ አይሄድም፤ መምህሩም ትምህርቱ አልሠራ ካለው ማታውን አሻሽሎ ይጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ የመስኮቱ ዕድል ተለወጠ። ጋዙ ከኒዮንና ከዜኖን ተቀላቅሎ፣ የሚወጣው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፎስፈር እንዲያበራ ተደርጎ፣ ባለ ቀለም ሰፊ ቴሌቪዥን ሆነ። የጃፓን ፋብሪካዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. 42 ኢንች ያህል ስፋት ያለውን ለገበያ አቀረቡት። የሀብታም ሳሎን ጌጥ፣ ዋጋውም በሺህ ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ሆነ። ወደ ኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1997 ዓ.ም. ሲገባም በዚሁ መልኩ ነው የገባው። የተወለደበት የመጠየቅና የመጠበቅ ጠባይ ቀርቶ፣ መስኮቱ ብቻውን መጣ።

መንግሥት ይህን ያደረገበት ምክንያት ሊናቅ አይገባውም። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ይበዙ ነበር፤ በሒሳብና በሳይንስ በቂ ዝግጅት ያለው መምህር ግን በዚያው ልክ አልተገኘም። በአዲስ አበባ ያለው ተማሪና በጠረፍ ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያገኙ ማድረግ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ የኬሚካል ውሕደት ሲካሄድ፣ የልብ ክፍሎች ሲንቀሳቀሱ በዓይኑ ማየቱም ትልቅ ነገር ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው፣ በደቡብ አፍሪካ ተቀርፀው፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጩ ጀመር። በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ዲሽ ተተከለ።

ቅር የሚያሰኘው በክፍሉ ውስጥ የሆነው ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን መስኮቱ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ ከፊትና ከኋላ አምስት አምስት ደቂቃ ገደማ ይቀርለታል። የመስኮቱ አስተማሪ «አሁን ይህን ሥሩ» ብሎ የተወሰነ ጊዜ ይሰጥና፣ ተማሪው እርሳሱን ሳያነሣ መልሱን ነግሮ ያልፋል። በመካከል መብራት ከጠፋ፣ ሥርጭቱ ሐዋሳ ላይ መብራት መጥፋቱን አያውቅምና ጉዞውን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ ሌላ ቦታ ደርሷል፤ የቀረውን ሊሞላ የሚገባው ያው መምህር ነው፤ ያውም ያላየውን ትምህርት። ስለ ጉዳዩ ጥናት ያደረጉ የአገራችን ምሁራን ደጋግመው የጻፉት ይህንኑ ነው፦ ፍጥነቱን፣ የቋንቋውን ክብደት፣ ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል ማጣቱን።

በመሐንዲስ ቋንቋ ሲነገር ነገሩ ግልጽ ነው። የቦይለርን ሙቀት የሚቆጣጠር ሥርዓት ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ ከሌለው፣ የእሳቱ ኃይል ምንም ያህል ቢሆን፣ ውኃው ይፈላ እንደ ሆነ ወይም ቀዝቅዞ እንደ ሆነ ማወቅ አይችልም። በክፍል ውስጥ ይህን የሚለካው መምህሩ ነው። ከኋላ መቀመጫ ያለችው ተማሪ ግንባሯን ስትቋጥር፣ የመስኮቱ ዳር ያለው ልጅ ደብተሩን ሲዘጋ፣ ያየውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሥርጭቱ ሥርዓት ይህን ሰው በቦታው እያቆመ ከመሪው እጁን አነሣበት። የሚያሳዝነው ደግሞ የመሣሪያው ፈጣሪዎች ከ40 ዓመት በፊት የደከሙት ይህንኑ መልስ የመቀበል ችሎታ በመስኮቱ ውስጥ ለማኖር መሆኑ ነው።

ሌላው ጽንፍም ተሞክሯል። በ2004 ዓ.ም. የ«አንድ ኮምፒዩተር ለአንድ ልጅ» ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቹ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ሰጡ። ልጆቹ መሣሪያውን ወዲያው ከፍተው መጠቀም እንደ ጀመሩ፣ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንደ ከፈቱ ኔግሮፖንቴ ተናግሯል። ይህ ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት ብልህነት የሚያኮራ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ መክፈትና ማንበብ መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፕላዝማው ራሱ ብዙ አልቆየም። ፓናሶኒክ በ2006 ዓ.ም. ማምረቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በዓመት ጊዜ ውስጥ ተከተሉት። የገበያው ፊት ወደ ኤልሲዲ ከዞረ በኋላ መለዋወጫው እየራቀ ይሄዳል። ለሳሎን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ዕድሜው የሚቆረጠው በሳሎኑ ገበያ እንጂ በትምህርት ሚኒስቴር ዕቅድ አይደለም፤ ዕቃ ግዥ ላይ የሚሠሩ የማኅበራችን አባላት ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንደገና ይተላለፍ ጀመር። በጎኑ ግን ማንም በዕቅድ ያልያዘው ሌላ ነገር ተከናወነ። በየከተማው ያሉ መምህራን በገዛ ገንዘባቸው በገዙት ሞባይል፣ አንዳንዱም ከመናኸሪያ ጠጋኝ መስታወቱን አስለውጦ በያዘው ሞባይል፣ የቴሌግራም ቡድን ከፈቱ። ተማሪው ያቃተውን የሒሳብ ጥያቄ ከደብተሩ ላይ ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ መምህሩ እርማቱን በወረቀት ጽፎ፣ እሱንም ፎቶ አንሥቶ፣ ማብራሪያውን በድምፅ ጨምሮ ይመልሳል። ስልክ ያልነበራቸው ተማሪዎች ከዚህ ውጭ ቀርተዋል፤ ቁጥራቸውም ጥቂት አልነበረም። ስልክ ላላቸው ግን በመስኮቱ በኩል የሚሄደው ጥያቄ መልስ ይዞ ይመለስ ነበር፤ የሚመልሰውም ስሙን የሚያውቁት የራሳቸው ክፍል መምህር ነበር።