ጉዳቱ ወይስ ሥልጣኑ? የትንባሆና የጫት ሕግ ታሪክ ከካዛንቺስ ሲታይ



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። መንግሥት አንዱን ቅጠል የሚከለክለው፣ ሌላውን የሚቀርጠው በሚያደርሰው ጉዳት ልክ ነውን? መልሱን በትንባሆና በጫት ታሪክ እፈልጋለሁ፤ ከዚያም ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ካዛንቺስ እመጣለሁ።

ከትንባሆ ልጀምር። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጥብቅ ከልክለው ነበር። ቅጣቱ የአጫሹን ከንፈር፣ ሱረት የሚስበውንም አፍንጫ እስከ መቁረጥ ይደርስ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በክልከላው ውስጥ የጤና ነገር ብዙም አይታይም። ትንባሆ የሌላ ሃይማኖት ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ሃይማኖትን አንድ በማድረግ አገርን ለማጽናት በተነሣ ንጉሠ ነገሥት ዘንድ ምልክቱ ራሱ ጥፋት ሆነ። ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ያው ቅጠል የመንግሥት ሞኖፖል ሆኖ ለግምጃ ቤት ገቢ ያስገባ ጀመር። ተክሉ ያው ነው፤ ገዢው ከተክሉ የሚሻው ግን ተለወጠ።

ይህ ቅራኔ በእኛም ዘመን አልጠፋም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከብሔራዊ ትንባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ ለጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሁለቱም ውሳኔዎች የአንድ መንግሥት ናቸው፤ አንደኛው ስለ ጤና፣ ሁለተኛው ስለ ምንዛሪ ይናገራል።

ጫትም ከዚህ የተለየ አይደለም። በውስጡ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምረው ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከሩም። ብሪታንያ የራሷ አማካሪ ምክር ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳይከለከል ቢመክራትም በዓመቱ አገደችው። እኛ ጋ ደግሞ ጫት ከታወቁት የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን አንዱ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 767/2004 የኤክሳይስ ታክስ ተጥሎበታል። ለንደን ላይ ወንጀል የሆነው አወዳይ ላይ የገበሬው ኑሮ ነው።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንምጣ። የሰፈሩ ስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት ተቋም የመጣ ነው። ኋላም የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ፣ ሆቴሎቹና ግሮሰሪዎቹ ጎን ለጎን የኖሩበት ሰፈር ሆነ። በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች በሺሻና በጫት ቤቶች ላይ በየጊዜው ዘመቻ ሲካሄድ፣ የተያዙ የሺሻ ዕቃዎችም በአደባባይ ሲቃጠሉ በዜና ስናይ ኖረናል። ምክንያቱ አንድ ጊዜ የአካባቢ ፀጥታ፣ ሌላ ጊዜ የወጣቶች ሥነ ምግባር ይባላል። ጫት መቃም ራሱ ወንጀል አይደለም፤ የሚዘጋው የሚቃምበት ቤት ነው። በሳሎኑ የሚቅመውን ባለ ቪላ የሚያንኳኳበት የለም፤ በኪራይ ክፍል ፍራሽ አንጥፋ፣ ቡና አፍልታ የምታስተናግደው ሴት ግን መተዳደሪያዋን ታጣለች።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፦ «ታዲያ ጉዳቱ ተረት ነው ልትል ነው?» አልልም። ትንባሆ ይገድላል፤ ጫት ያለ ልክ ሲቃም እንቅልፍ ይነሣል፣ ኪስ ያራቁታል፣ አእምሮም ሊያውክ ይችላል። ከዚህም በላይ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከጉዳት የተነሣ ሕግ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ማንም ሰው፣ ባለ ሆቴልም ባለ ጉሊትም፣ በዝግ የሕዝብ ቦታ እንዳያጨስ ከለከለ፤ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። እዚህ የባለ ገንዘቡም ጥቅም ተነክቷል።

ስለዚህ «ፖለቲካዊ ነው» ማለት ብቻውን ሕግን አይነቅፍም፤ ሕግ ሁሉ በፖለቲካ ይወጣል። እኔ እንድትጠይቁ የምሻው ሦስት ነገር ነው። ሕጉ ምክንያቴ የሚለው ጉዳት ተመርምሯልን? ያንኑ ያህል የሚጎዳ ሌላ ነገር ለምን ታለፈ? ቅጣቱስ በማን ደጃፍ ይቆማል?

ሦስተኛው ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው የካዛንቺስ ነዋሪ ተነሥቶ በከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። እነዚያን ቤቶች የከፈቱና የተዘጉባቸው ሰዎች የሚያስታውሱትን ዛሬ ካልመዘገብን፣ ነገ ለታሪክ ጸሐፊው የሚቀርለት የዘመቻ ሪፖርት ብቻ ይሆናል። ሪፖርቱ ስንት ዕቃ እንደ ተያዘ ይነግረዋል፤ ማን በምን እንደ ኖረ አይነግረውም። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሥራው እናንተን እየጠበቀ ነው።