ከወደብ ሳጥን እስከ ኪራይ ቤት፦ የኮንቴይነር ቤት ታሪክና ለማኅበራችን ያለው ትምህርት



በቅርብ ወራት ስብሰባዎቻችን ላይ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ እየተነሣ ነው። «ያጠራቀምነው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ዋጋ ከሚያጣ፣ ሁለት ሦስት ኮንቴይነር ገዝተን፣ በርና መስኮት አውጥተን፣ ቤት አድርገን ብናከራየውስ?» የሚል ነው። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ኮንቴይነር ደግሞ ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዘይትና ሳሙና የምንገዛበት ሱቅ፣ ልብስ የምናሰፋበት፣ ጸጉር የምንሠራበት ቤት ኮንቴይነር ነው።

ሆኖም ሱቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ልጅ ወልዶ የሚያሳድግበት ቤት ሌላ ነው። ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ ታሪኩን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑ እንዴት ተፈጠረ?

ማልኮም ማክሊን የሚባል የአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ሰው በ1934 ከእህቱ ከክላራና ከወንድሙ ከጂም ጋር ሆኖ የጭነት መኪና ድርጅት አቋቋመ። በዚያ ዘመን መርከብ የሚጫነው በሰው ጉልበት ነበር። ጆንያው፣ በርሜሉ፣ ካርቶኑ አንድ በአንድ ከመኪና ይወርዳል፤ አንድ በአንድ ወደ መርከቡ ይገባል። ሥራው ቀናት ይፈጃል። ዕቃውም በመካከል ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ማክሊን ያሰበው ዕቃውን ማውረድ ትቶ የመኪናውን ሳጥን ከነጭነቱ አንሥቶ መርከብ ላይ ማስቀመጥን ነው።

ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ሳጥኖች ጭና ከኒው ጀርሲ ኒዋርክ ወደ ቴክሳስ ሂውስተን ተጓዘች። በሰው ጉልበት ሲጫን ለአንድ ቶን ከ5 ዶላር በላይ ይወጣ የነበረው በሳጥን ሲሆን ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። የዓለምን ንግድ የለወጠው ይህ ልዩነት ነው።

ኪት ታንትሊንገር የተባለ መሐንዲስ ደግሞ ለሳጥኑ ማዕዘኖች ማንሻና መቆለፊያ ሠራለት። ሳጥኖቹ በዚህ ተያይዘው እርስ በርስ መደራረብ ቻሉ። ከ1968 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደረጃ ወጣ፤ ዛሬ የምናውቃቸው ባለ 20 እና ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነሮች በየወደቡ አንድ ዓይነት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የኮንቴይነር ጉልበቱ ያለው በአራቱ የማዕዘን ምሰሶዎቹ ላይ ነው። በኋላ እንመለስበታለን።

ባዶ ሳጥን ለምን ተረፈ? ንግድ ሁልጊዜ ሚዛኑ እኩል ስላልሆነ ነው። ማክሊን በ1967 ለአሜሪካ ጦር ዕቃ ወደ ቬትናም ማመላለስ ሲጀምር ሳጥኖቹ ሞልተው ሄደው ባዷቸውን ይመለሱ ነበር። በእኛም አገር ከውጭ የምናስገባው ወደ ውጭ ከምንልከው እጅግ ይበልጣል። ከጅቡቲ ሞልቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ ሲመለስ ባዶ ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ባሕር ላይ ያገለገለ ኮንቴይነር ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ይሸጣል። ለሱቅም ለቤትም የሚፈለገው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

ሳጥኑ ቤት የሆነበት ዘመን

በ1987 ፊሊፕ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ የብረት ኮንቴይነሮችን ወደ መኖሪያ ሕንፃ የመለወጥ ዘዴውን ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ1989 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዘዴው ኮንቴይነሮቹ የሚያርፉት በተሠራ መሠረት ላይ ነው። እንዲሁ ሜዳ ላይ አይቀመጡም።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ሌላ፣ የሚያሳዝን ታሪክ ተጀመረ። ዲሴምበር 7 ቀን 1988 በአርመን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ 25,000 ያህል ሰው ሞተ። ቤታቸው የፈረሰባቸው የዛሬዋ የግዩምሪ ከተማ ነዋሪዎች ለጊዜው ተብሎ በብረት ሳጥኖችና በመሰል መጠለያዎች ገቡ። ስሙንም በሩስኛ «ዶሚክ» አሉት፤ ትንሽ ቤት ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ለጊዜው» የተባለው አላለቀም። ከ30 ዓመት በኋላም ከዶሚክ ያልወጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በዚያ የተወለዱ ልጆች አድገው በዚያው ልጅ ወለዱ። ብረቱ ዛገ፣ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው እሳት ሆነባቸው።

በ2001 በለንደን ትሪኒቲ ቦይ ዋርፍ በተባለ የቀድሞ የወደብ ሥፍራ «ኮንቴይነር ሲቲ» ተሠራ። ሳጥኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ ለማቆም የፈጀው ቀናት ብቻ ነበር። ቦታዎቹ ለሠዓሊዎችና ለአነስተኛ ድርጅቶች ተከራዩ፤ ሥራው ስለተሳካም በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛው ተጨመረ። ያሠራው ድርጅት ግን አስቀድሞ ቦታውን ለረጅም ዘመን በሊዝ ይዞ ነበር።

በአምስተርዳም ደግሞ በ2005 እና በ2006 «ኪትዎነን» የሚባል 1,000 ክፍሎች ያሉት የተማሪዎች መኖሪያ ተሠራ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማብሰያ፣ የራሱ መታጠቢያና ሰገነት ነበረው። ብዙ ሰው ያገለገሉ ኮንቴይነሮች ይመስሉታል። በእውነቱ ግን ለመኖሪያ ተብለው ቻይና ውስጥ በአዲስ የተሠሩ ነበሩ። ለአምስት ዓመት ታስቦ የተተከለ ሲሆን በኋላ ጊዜው ተራዘመለት። የከተማው የተማሪ ቤት እጥረት ከባድ ስለነበር ተከራይ የሚሆነው ሰው ገና ሳይሠራ ይታወቅ ነበር።

በ2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ በኦናጋዋ ከተማ የሚገነባበት ሜዳ አልተገኘም። ሺገሩ ባን የተባለው አርክቴክት በቤዝቦል ሜዳ ላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን እስከ ሦስት ፎቅ ደራርቦ 190 ለሚጠጉ ቤተሰቦች መጠለያ ሠራ። ኮንቴይነሮቹን ያቆማቸው እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ሞልቶ አንዱን ክፍት እየተወ ነው። በመካከል የቀረው ክፍት ቦታ ብርሃንና አየር የሚገባበት ሰፊ ክፍል ሆነ።

የእንግሊዝ ታሪክ ግን ሌላውን ጎን ያሳየናል። በ2019 የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር የነበሩት አን ሎንግፊልድ ባወጡት ሪፖርት፣ ቤት አልባ ቤተሰቦች በኮንቴይነር ውስጥ እንዲኖሩ መደረጋቸውን ተችተዋል። በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት ብርዱ የማይቻል፣ ለልጆች የሚላወሱበት ቦታ የሌለው ነው ብለዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ገንዘብም ባለሙያም ባልጠፋበት አገር ነው።

ርካሹ የትኛው ነው?

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ነገር አንድ ነው። ሳጥኑ ርካሽ የሆነው ለዕቃ ስለተሠራ ነው። ለሰው እንዲሆን የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከሳጥኑ ውጭ የሚገዛ ነው።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ ወደ 5.9 ሜትር ርዝመትና 2.35 ሜትር ወርድ አለው፤ 14 ካሬ ሜትር አይሞላም። ብረቱ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሰው ትንፋሽና የማብሰያው እንፋሎት በግድግዳው ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ፎም ወይም ሌላ ሙቀት ከልካይ በውስጥ ይለበዳል። ይህ ሲገባ ያቺ ጠባብ ወርድ በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትቀንሳለች። ወለሉ ፕላይውድ ነው፤ ባሕር ላይ ነፍሳት እንዳይበሉት በመድኃኒት የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ሕፃን ከመዳኹ በፊት መነሣት ወይም በደንብ መሸፈን አለበት። ምን ተጭኖበት እንደነበረም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ እዚህ ይመጣል። ጉልበቱ በማዕዘኖቹ ላይ ስለሆነ ጎኑን ቆርጠን ሰፊ በርና መስኮት ስናወጣ፣ ወይም ሁለቱን አገናኝተን አንድ ክፍል ስናደርግ ሳጥኑ ይዳከማል። በያጁ ዙሪያውን በብረት ፍሬም ማጠናከር ይኖርበታል። በዚህ ላይ መሠረቱ፣ ክሬኑ፣ የመብራትና የውኃ መስመሩ፣ መጸዳጃው፣ ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል ተጨማሪ ጣሪያው አለ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ አለ። በአገራችን ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንይዘው የመጠቀም መብትን ነው። ኮንቴይነር ተነሥቶ የሚሄድ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ሰው «ፈቃድ አያስፈልገውም» ብሎ ያስባል። በመንገድ ዳር የነበሩ የኮንቴይነር ሱቆች ቦታው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ እንዴት እንደሚነሡ ግን ዓይናችን አይቷል። ሱቅ ሲነሣ ባለሱቋ ሥራ ታጣለች፤ ቤት ሲነሣ ተከራይዋ ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ትቀራለች፤ የእኛም ገንዘብ አብሮ ይነሣል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ ያመጣኋቸው ምሳሌዎች ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ሳጥኑ 250,000 ብር፣ የወር ኪራዩ 6,000 ብር ነው እንበል። በስብሰባ ላይ በቃል የምናሰላው በዓመት 72,000 ብር ስለሚገባ በሦስት ዓመት ተኩል ገንዘባችን ይመለሳል ብለን ነው።

አሁን ደግሞ መሠረቱን፣ ብየዳውን፣ ፎሙን፣ መስመሮቹን፣ ክሬኑንና ፈቃዱን 350,000 ብር ብለን እንጨምር። ጠቅላላው 600,000 ሆነ። ቤቱ በዓመት ሁለት ወር ያለ ተከራይ ቢያድር ገቢው 60,000 ነው። ለግብር፣ ለቀለምና ለዝገት ጥገና 10,000 ቢወጣ 50,000 ይቀራል። ገንዘባችን የሚመለሰው በ12 ዓመት ነው። እንግዲህ ቦታውን የያዝነው በአምስት ዓመት ውል ቢሆንስ? ሁለቱም ስሌት ስለ አንድ ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ግን የቆጠረው ሳጥኑን ብቻ ነው።

የማክሊን ዕዳ

የኮንቴይነሩ አባት ማክሊን ራሱ በኋላ የገጠመውን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በ1978 አንድ ትልቅ የመርከብ ድርጅት ገዛ። ነዳጅ ውድ እንደሆነ ይቀጥላል ብሎ ስላመነ ነዳጅ ቆጣቢ የሆኑ፣ ነገር ግን ዝግ ብለው የሚሄዱ 12 ግዙፍ መርከቦችን በብድር አሠራ። የነዳጅ ዋጋ ግን ወረደ። በ1986 ድርጅቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዞ ከሰረ። ስለ ኮንቴይነር ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዕውቀቱ ግን ከዕዳው አላዳነውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት አበው ለእንደኛ ዓይነቱ ጀማሪ ነው።

እኔ የምለው

ሐሳቡን እንጣለው አልልም። ለንደንም አምስተርዳምም ተሳክቷል። የተሳካላቸው ግን መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ ተከራዩን፣ በመጨረሻ ሳጥኑን ያዘጋጁ ናቸው። እኛ በስብሰባችን የጀመርነው ከመጨረሻው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የምጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ ከመካከላችን ሦስት እህቶች ተመርጠው ወረዳችን ዘንድ ሄደው የኮንቴይነር መኖሪያ በምን ፈቃድ እንደሚሠራ፣ በስማችን ሊሆን የሚችል ቦታ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ። ሁለተኛ፣ የሚሸጥ ኮንቴይነር ከተገኘ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ይታይ፤ በያጅና የግንባታ ባለሙያም ወለሉንና ማዕዘኖቹን ይዩልን። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ከተሟላ፣ ያለ ብድር፣ በአንድ ኮንቴይነር ብቻ እንጀምር፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አሳልፈን ተከራይዋን እንጠይቃት። ውድ ደጋፊዎቻችንም ልትረዱን ብታስቡ ሳጥን ከመግዛት ይልቅ የባለሙያውን ምክር ብትሸፍኑልን ይበልጥ ይጠቅመናል።

በቤቱ የምትኖረው ሴት እንደ እኛው በየወሩ ከጉሮሮዋ ቀንሳ የምትከፍል ናት። እኛ ራሳችን ልጆቻችንን ይዘን ልናድርበት የማንደፍረውን ቤት ለእርሷ ማከራየት የለብንም። ገንዘቡም የሁላችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ስንጥቆጥብም ስንወስንም አብረን እንሁን።