የዴንቨር ማሪዋና፦ ከወህኒ ቤት እስከ ሱቅ

ሳሙኤል ካልድዌል የተባለ ሰው በዴንቨር ከተማ ማሪዋና ሲሸጥ የተያዘው በኦክቶበር 1937 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የማሪዋና ግብር ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ቀናት ብቻ አልፈዋል። ሕጉ በስሙ የግብር ይሁን እንጂ ሥራው መከልከል ነበር። ዳኛው ካልድዌልን 4 ዓመት አሰሩት፤ 1,000 ዶላርም ቀጡት። ከ76 ዓመት በኋላ እዚያው ዴንቨር ውስጥ ሰዎች በጃንዋሪ ብርድ ተሰልፈው ያንኑ ዕፅ በሕጋዊ መንገድ ገዙ።

ኮሎራዶ ማሪዋናን የከለከለችው ግን ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድማ፣ በ1917 ነው። በ1970 ደግሞ ኮንግረስ ዕፁን ከሄሮይን ጋር እኩል መደበው። እገዳው ሲጠብቅ ቢቆይም ግዛቲቱ በራሷ መንገድ ታላላው ጀመር። በ1975 እስከ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ይዞ የተገኘ ሰው እስር ቀርቶለት እስከ 100 ዶላር እንዲቀጣ ወሰነች። በ2000 ሕዝቡ ለሕክምና ፈቀደ። በ2006 ግን ለመዝናኛም ይፈቀድ የሚለው ጥያቄ ለድምፅ ቀርቦ ወደቀ።

ነገሩ የተገለበጠው በኖቬምበር 2012 ነበር። የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት የሚያሻሽለው ቁጥር 64 በ55 በመቶ ድምፅ አለፈ። አገረ ገዢው ጆን ሂክንሉፐር ማሻሻያውን ሲቃወሙ ቢቆዩም፣ ሕዝብ ከወሰነ በኋላ ሥራ ላይ መዋሉን በአዋጅ ያስታወቁት እሳቸው ናቸው።

ማሻሻያው ዝርዝር ነበር። ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው አንድ አውንስ መያዝን፣ በቤቱም እስከ ስድስት ተክል ማብቀልን ፈቀደ፤ ከስድስቱ ግን በአንድ ጊዜ ማበብ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። በአደባባይ ማጨስ ክልክል ነው። ከአምራቾች ከሚሰበሰበው ግብር በየዓመቱ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል ተደነገገ። ሱቅ መክፈት መፍቀድም ሆነ መከልከል ለየከተማው ተተወ፤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስም የመዝናኛ ማሪዋና ሱቅ ሳታስከፍት ከአሥር ዓመት በላይ ቆየች።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጠዋት ሱቆቹ ተከፈቱ። በር ላይ መታወቂያ ይታያል። በዚያ ጊዜ ለኮሎራዶ ነዋሪ እስከ አንድ አውንስ ድረስ ሲሸጥለት ከሌላ ግዛት የመጣው ሩብ አውንስ ብቻ ይገዛ ነበር። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነበር፤ ባንኮች የፌዴራሉን ሕግ ፈርተው ከነጋዴዎቹ ሸሽተው ነበርና። ጎረቤቶቹ ነብራስካና ኦክላሆማም ዕፁ ድንበር እየተሻገረ ነው ብለው ኮሎራዶን ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን አልቀበልም አለ።

የፌዴራሉና የግዛቲቱ ሕግ ግጭት የከበደው በስደተኛው ላይ ነው። በዴንቨርና በአጎራባቿ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከሌላው ስደተኛ ጋር ይህ እነሱንም ይመለከታል። ግዛቲቱ የፈቀደችውን፣ ኢሚግሬሽን የሚዳኘው በፌዴራሉ ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፈቃድ ባለው የማሪዋና ሱቅ ተቀጥሮ መሥራቱ ብቻ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መስፈርት አላሟላም አሰኝቶ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስጥልበት ይችላል።