ዜና ኃይሌ፣ በማጂ ሰው የተጻፈ

ዜና መዋዕል በአገራችን ለነገሥታት ነበር የሚጻፈው። ጸሐፌ ትእዛዙ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ፣ በየሰፈሩ ድንኳን ተክሎ፣ የተወረደውን ቆላና የተወጣውን ደጋ፣ የተማረከውን ከብትና የገበረውን አገር እየቆጠረ ይጽፋል። እኛ የማጂ ሰዎች በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ከተገኘንም ከሚቆጠሩት ጋር ነው እንጂ ከሚቆጥሩት ጋር አይደለም። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወጉ፤ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ወራት ሙሉ በጫካ ሲሸሹ ኖረው ተማረኩ። በተከታዩ ዓመት ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ገፍቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ወረደ፤ የማጂም ምድር በዚያው ዘመን ገበረ። ከዚያ በኋላ ገባር ተደለደለ፣ ባሪያ ፈንጋይ ይመላለስ ጀመር፣ የአገሬው የዲዚ ሕዝብ መንደር ስንቱ ባዶውን ቀረ። ለአያቶቻችን የድል ወሬ የሚያስደስት ወሬ አልነበረም።

እኔ ግን የማንንም በሬ ሳይነዳ፣ የማንንም ጎተራ ሳይገለብጥ ዘምቶ የሚመለስ ሰው በዘመኔ አየሁ። ድሉንም እስከ እኛ ተራራ ድረስ አካፈለን። ስለዚህ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሩጫ ዘመን እንደ ቀድሞው ጸሐፍት ወግ ልጽፍ ተነሣሁ፤ ምስጋና ያለ ታሪክ ባዶ ቃል ነውና።

አስቀድሞ ሐረጉን እናገራለሁ። የሩጫ ዙፋን በደም አይወረስም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ፣ በ1957 በቶኪዮ ደገመ። ማሞ ወልዴ በ1961 በሜክሲኮ ተከተለ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 በሞስኮ አምስት ሺሁንም አሥር ሺሁንም በአንድ ኦሊምፒክ ጠቀለለ። ያን ጊዜ በአርሲ፣ በአሰላ አጠገብ፣ አንድ የሰባት ዓመት የገበሬ ልጅ የምሩፅን ድል በአባቱ ራዲዮ ሰማ። ያ ልጅ ኃይሌ ነው።

ኃይሌ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ተወለደ። ከአሥር ልጆች አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ደብተሩን በብብቱ ይዞ እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሮጠ ይመለሳል። ከዚያም በኋላ በዓለም ሁሉ መም ላይ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው ታጥፎ ቀረ። አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም፤ ተምሮ ሰው እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። በዚያ ዘመን የነበረ የገጠር አባት ሁሉ የሚመኘውን ነው የተመኙት፤ አይፈረድባቸውም።

በ1985 ዓ.ም.፣ እንደገና በዘመነ ማቴዎስ፣ በመስከረም ወር ወደ ሴኡል ዘመተ፤ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና አምስት ሺሁንም አሥር ሺሁንም ድል አደረገ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በሽቱትጋርት ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈና የአሥር ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚያ የሆነውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ፤ የሚወደውን ሰው የሚነካ ነገር የሚሰውር ጸሐፊ አይታመንምና። ኬንያዊው ሞሰስ ታኑይ ይመራ ነበር። ኃይሌ ከኋላው ተጠግቶ ሲሮጥ የታኑይን ተረከዝ ረገጠ፤ ጫማው ወለቀ። ታኑይ በአንድ ጫማ የመጨረሻውን ዙር እንደ ነፋስ ሮጠ፤ ኃይሌ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ ቀደመው። የታኑይ ቁጣ ትክክል ነበር። ኃይሌም ሆን ብሎ አላደረገውም።

ከዚያ በኋላ በጎተንበርግ፣ በአቴንስና በሴቪላ ያንኑ የአሥር ሺህ አክሊል ሦስት ጊዜ ደራረበ። ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን አስከትሎ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። መሙ እንደ ድንጋይ የደረቀ ስለነበር እግሩ ውኃ ቋጥሮ ቆሰለና አምስት ሺውን ተወው። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት 24 ቀን በሄንግሎ አሥር ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ፣ ሰኔ 6 ቀን በሄልሲንኪ አምስት ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ ሮጦ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ግንቦት የባድመ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። ከየቤቱ ልጅ ወደ ግንባር የሚሸኝበት፣ ራዲዮ ሲከፈት ሰው የሚደነግጥበት ወራት ነበር። ከዚያ ራዲዮ ውስጥ ሰው ያልሞተበት የድል ዜና መስማት ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ወላጅ የነበረ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሲድኒ ኦሊምፒክ የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ደረስኩ፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሰኞ፣ የደመራ ዋዜማ ነበር። ማጂ ላይ ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ከሚዛን ተፈሪ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ውጦት መኪና ከገባ ሰንብቷል። ሰፈሩ ለደመራ እንጨት ይሰበስባል። በእኛ ጎረቤት ቤት አንድ ራዲዮ ነበረች፤ ድንጋይዋ ደክሞ ስለነበር የቤቱ ልጅ ሦስቱንም አውጥቶ በሰሌን ላይ ፀሐይ ያሞቃቸው ነበር፤ ጉም በመጣ ቁጥር እያነሣ፣ ጉሙ ሲገለጥ እየመለሰ። ሴቶቹ የቡና ቅጠል ጨሞ አፍልተው ነበር። ዜናው ሲደርስ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከደጅም ሰው ቆሞ ነበር። ራዲዮዋ ድምጿ አንዴ ሲሰማ አንዴ ሲጠፋ፣ ኃይሌ ማሸነፉን ተረዳን። የዲዚው ሽማግሌ፣ የአማራው ነጋዴ፣ ከወላይታ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ የመኢኒቷ ማር ሻጭ አንድ ላይ እልል አሉ። እነዚህ ሰዎች በመሬትም በግብርም በጥንት ቂምም የሚነጋገሩት ብዙ ነገር ነበራቸው። በዚያች ሰዓት ግን የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ።

ምስሉን ያየሁት ቆይቶ ነው፣ ሚዛን ተፈሪ ወርጄ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን። ሃያ አራቱ ዙር አለቀ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀር ቴርጋት ተስፈንጥሮ ወጣ። ረጅም ነው፤ አንድ እርምጃው የኃይሌን አንድ ተኩል ያህላል። ኃይሌ ተከተለው፣ ቀረበው፣ አልደረሰበትም። በመጨረሻው ቀጥታ ጥርሱን ነክሶ፣ ታጥፎ የኖረው ክንዱ እንኳ ተፈትቶ፣ አንድ ስንዝር ሌላ ስንዝር እያለ ተጠጋ፤ ከመስመሩ ሲደርሱም ደረቱን ቀድሞ ሰጠ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፤ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። በመካከላቸው ያለው ከአንድ ሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ነው። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ወጣ። ውጤቱን አስቀድመን እያወቅን ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ተነሥተን ቆመን ነበር።

ፖል ቴርጋትንም በዚህ ዜና ውስጥ በክብር አስፍሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ባላጋራ ባይኖር የኃይሌ ታላቅነት ባልታየ ነበር፤ ሁለቱም ከሩጫው በኋላ ወዳጅ ሆነው ኖሩ።

ከሲድኒ ሲመለስ አዲስ አበባ በሕዝብ ተጥለቀለቀች። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺህ ሯጮች ተጀመረ፤ ጀማሪው ኃይሌ፣ አንደኛም ኃይሌ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆኖ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ ቀደመው። ሁለተኛ መሆኑን ያየ ሁሉ ዘመን እየተለወጠ መሆኑን ዐወቀ።

እኔ ኃይሌን ከሁሉ ይልቅ የማመሰግንበት ቀን ግን ያሸነፈበት ቀን አይደለም። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። እንዲህ ሆኖ ለአሥር ሺሁ ተሰለፈ። ውድድሩ እያለቀ ሲመጣ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን ፊት ናቸው፤ ዞር ዞር እያሉ ያዩታል፣ ቀዝቀዝ እያሉ ይጠብቁታል። ማሸነፍ የሚችሉ ልጆች በኦሊምፒክ ፍጻሜ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ጠበቁ! በመጨረሻ አልሆነም፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ገባ። በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ወራሽ የሚሆን ልጅ በግሸን አምባ፣ በወህኒ አምባ ይታሰራል፤ ሽማግሌው ወጣቱን ይፈራል፣ ወጣቱ የሽማግሌውን ሞት ይጠብቃል። በሯጮቹ ዜና መዋዕል ወራሾቹ አሮጌውን ንጉሥ ዞረው ጠበቁት። ሰው እንዲህ የሚጠበቀው ቀድሞ ለልጆቹ ቦታ ሰጥቶ የኖረ እንደሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን በሰቀለ ነበር። ኃይሌ ወደ ማራቶን ዞረ። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ አዲሱን ሺህ ዓመት ተቀብለን ሳንጨርስ፣ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እዚያው በርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የራሱን ሰዓት አሻሻለ፤ ከሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነበር። ዘመነ ወንጌላዊውን መጻፍ የዚህ ጽሑፍ ወግ ስለሆነ ስቆጥር አንድ ነገር አገኘሁ፦ ልደቱ፣ ሴኡልና ሽቱትጋርት፣ ሲድኒ፣ ይህም ሁለተኛው የበርሊኑ፣ ሁሉም በዘመነ ማቴዎስ የሆኑ ናቸው። ጥንቆላ ልቆጥር አይደለም፤ የተገኘውን ጻፍኩ።

ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱ አብጦ በድልድዩ ላይ ውድድሩን አቋረጠ፤ እያነባም ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። እኛ ዘንድ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። ወሬው የደረሰኝ ሚዛን አጠገብ ለቀማ ላይ ነው፤ አንዱ ከሞባይል ራዲዮ ሰምቶ ተናገረ። ከእኔ ፊት ባለው ግንድ ሥር የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ የያዙትን ቅርንጫፍ ለቀቁ፤ በማዳበሪያው ከረጢት አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸው በቀዩ ቡና ጭማቂ ተጣብቆ ነበር። «አለቀሰ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አዎን አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ ደክሞታል፣ ይረፍ» አሉ። ኃይሌን አንድ ቀን በአካል አላዩትም። እሱ ግን ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመለሰ፣ ሮጠም።

የመጨረሻው ቀን ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ሆነ። በማንችስተር፣ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ ባሸነፈበት የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ አሥራ ስድስተኛ ሆኖ ገባ። ውድድር ማቆሙን አስታወቀ፤ ሩጫን ግን እንደማይተው አብሮ ተናገረ። ዕድሜው አርባ ሁለት። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አራት ተከታታይ የአሥር ሺህ የዓለም ሻምፒዮንነት፣ ሃያ ሰባት የዓለም ክብረ ወሰን ከኋላው ነበር። በዚያን ዕለት ማንም ከዙፋኑ አላወረደውም፤ ራሱ ቦታውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ2011 ሥልጣኑን በፈቃዱ ተወ። ሆቴል ሠራ፤ በደቡብ ምዕራቡ በእኛው የቡና ምድርም ቡና ተከለ። እኛ ለዘመናት የሰው ጉልበትና ማር ወደ መሐል አገር ስንልክ ኖረን፣ ከመሐል አገር መጥቶ ችግኝ የሚተክል ሲገኝ እንዴት አንጽፈውም?

እንግዲህ ሻለቃ፣ አንቱ ማለት ሲገባን አንተ የምንልህ ከቤታችን ልጅ ለይተን ስለማናይህ ነው። ስለ ሲድኒ እናመሰግንሃለን፤ በጦርነት ማግሥት ቤታችንን እልል አሰኝተሃልና። ስለ አቴንስ እናመሰግንሃለን፤ ታሞ መሰለፍንና ለታናሽ ቦታ መልቀቅን ልጆቻችን አይተዋልና። ስለ ኒው ዮርክ እንባህም እናመሰግንሃለን፤ አልደበቅኸንም። አባትህ ሩጫህን ባይወዱትም ያንተን ስም ለልጆቻቸው ያወጡ ብዙ አባቶች በማጂም በሚዛንም አሉ፤ ከእነዚያ ኃይሌዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፣ አንዳንዶቹ በበበቃ ቡና እርሻ ይሠራሉ፣ አንዱ ደግሞ ይህን ጽሑፍ በኮምፒዩተር የከተበልኝ የእኔው ልጅ ነው።