ማኅተም፣ ፊርማ፣ ምስጢር ቁጥር፦ የ«እኔ ነኝ» ማስረጃ አጭር ታሪክ

ብር በስልቻ ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ የሚፈራው ሽፍታን ነው። ብሩን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ለውጦ የሚጓዝ ነጋዴ ግን ሽፍታውን ቢያመልጥም ሌላ የሚፈራው ነገር ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በደረሰበት አገር «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬ በባዕድ አገር ሱቅ ውስጥ የክፍያ ካርዱን አውጥቶ «ፈርም» ወይም «ቁጥርህን ምታ» የሚባለው መንገደኛ የሚመልሰው ይህንኑ የጥንት ጥያቄ ነው። ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትለን ስንሄድ ግን ሁለት የቆዩ ክርክሮችን እናገኛለን፦ የሰውን ማንነት የሚመሰክረው ማን ነው? ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝስ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? እኛ የምንኖርባት ጅቡቲ ደግሞ የዚህ ታሪክ መተላለፊያ በር ናት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ወረቀት የያዘው መንገደኛ

ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ከተወ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 መኸር ድረስ፣ በታጁራ ተቀምጦ የጦር መሣሪያ የሚጭንበትን ቅፍለት ሲያሰናዳ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያውን በ1887 ተቀበሉት። ሆኖም ከዋጋው ላይ የሟች ባልንጀራውን ዕዳ ካነሱለት በኋላ የቀረውን በእጁ አልቆጠሩለትም፤ በሐረር ገዥ በደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) ዘንድ የሚከፈል ትእዛዝ ሰጡት። ሐረርም ቢሆን ጥሬ ብር እንደ ልብ አልነበረምና በመጨረሻ በእጁ የገቡት በምጽዋ የሚመነዘሩ ወረቀቶች ነበሩ፤ አንዱ የ5,000፣ ሌላው የ2,500 ጠገራ ብር።

በነሐሴ 1887 ምጽዋ ሲደርስ ወረቀቶቹ ነበሩት፤ የይለፍ ወረቀት ግን አልነበረውም። ከተማይቱን የያዙት የጣልያን ወታደሮች ወደ ፈረንሳይ ቆንስል ወሰዱት፤ ቆንስሉም ይህ ራምቦ ነኝ የሚለው ሰው በእርግጥ ማን እንደ ሆነ እንዲገልጽለት በዔደን ላለው ባልደረባው ጻፈ። መልሱ ከመጣና ማንነቱ ከታወቀ በኋላ የይለፍ ወረቀት ተሰጠው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባለው ነገር፣ የወረቀቶቹን ትክክለኛነት የተጠራጠረ ሰው አለመኖሩ ነው። የተጠረጠረው ወረቀቱን የያዘው ሰው ነበር። ወረቀቱና ባለቤቱ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሌላ የሚያውቀው ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ጥያቄውም ባሕር ተሻግሮ ነው የተመለሰው። ከሰማንያ ዓመት በኋላ የተፈለሰፈው ምስጢር ቁጥር ለመሙላት የተነሣው ይህንኑ ክፍተት ነው፤ የሚያውቅህ ሰው በሌለበት ስፍራ ምስክርህን በራስህ ውስጥ ይዘህ እንድትሄድ።

ማኅተምና ፊርማ በአንድ ገጽ ላይ

በኢትዮጵያ የነገሥታት ደብዳቤ የሚታወቀው በማኅተሙ ነበር። «ሞዐ አንበሳ» የሚለው ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤው አናት ላይ ያርፋል፤ ቃሉ ከመነበቡ በፊት የተናጋሪው ማንነት ይታያል ማለት ነው። በአውሮፓ ልማድ ግን ማረጋገጫው ከጽሑፉ ግርጌ ይመጣል፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ብሎ ከጨረሰ በኋላ በእጁ ይፈርማል። ቃላቱ ራሳቸው ከየት እንደ መጡ ይመሰክራሉ፦ «ማኅተም» ከግዕዙ «ኀተመ» የተገኘ ሲሆን «ፊርማ» የጣልያንኛው ቃል ነው።

ሁለቱ ልማዶች ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ተገናኙ። በውሉ ላይ ከኢትዮጵያ በኩል የዐፄ ምኒልክ ማኅተም፣ ከጣልያን በኩል የኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ፊርማ ዐረፈበት። ማኅተሙም ፊርማውም እውነተኛ ነበሩ፤ ማንም ማንንም አስመስሎ አልፈረመም። ነገር ግን አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል መንፈስ ሲኖረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጣልያንም በዚህ ተደግፋ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር አደረግኋት ብላ ለዓለም አወጀች። ክርክሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነበር።

እኔ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ይህ ታሪክ ዘወትር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ግን ለተርጓሚ ብቻ አይደለም፤ ማንነትን ማረጋገጥና የተስማሙበትን ነገር ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ የክፍያ ማሳያ ፊት ቆሞ ትክክለኛ ቁጥሩን የሚመታ ሰው ማን እንደ ሆነ አረጋግጧል። ስንት እንደ ከፈለና ለምን እንደ ከፈለ ማወቁን ግን ቁጥሩ አይመሰክርለትም።

ከጠገራ ብር ወደ ባንክ መዝገብ

በባቡሩ ዘመን መጀመሪያ በጅቡቲና በሐረር መካከል የሚዘዋወረው ገንዘብ በማርያ ቴሬዛ መልክ የተመታው ጠገራ ብር ነበር። በዓመተ ምሕረቱ ሁልጊዜ 1780 የሚል ነው። ተቀባዩ ሰውየውን አይመረምርም፤ የሚመረምረው ብሩን ነው። ያንኳኳዋል፣ በእቴጌይቱ ራስ ላይ ያሉትን የዕንቁ ፍሬዎች ይቆጥራል፣ የለበሰ ወይም የተበላ መሆኑን ያያል። ብሩ እውነተኛ ከሆነ ያመጣው ሰው ማንም ቢሆን ግድ የለውም። ለብድር ሲሆን ደግሞ ዋስ አለ፤ «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቃል አለ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባል የለ!

ባንክ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በ1905 በተዋዋሉት መሠረት የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት 1906 በአዲስ አበባ ተከፈተ። ባንኩ በሐረርና በድሬዳዋ ቅርንጫፎችን ሲያቋቁም በጅቡቲም የዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ነበረው። የፈረንሳዩ የኢንዶቺን ባንክ በጅቡቲ ሥራ የጀመረውም በእነዚሁ ዓመታት ገደማ፣ በ1908 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነጋዴ በአንዱ ከተማ ያስቀመጠውን በሌላው ለመቀበል የፊርማው ናሙና በባንኩ መዝገብ ላይ መኖር ነበረበት። መርማሪው የባንክ ጸሐፊ ዐይን ሆነ። የሚመረመረውም ከብሩ ወደ ሰውየው የእጅ ጽሕፈት ተሸጋገረ።

መጻፍ ለማይችለው ብዙኃን ግን ይህ በር ጠባብ ነበር። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን አልዘነጋም። በቁጥር 1728 እንደ ተደነገገው፣ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ወይም ሥልጣን ያለው መዝጋቢ ፊት መደረጉ ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ጣቱ የእርሱ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ምን ላይ እንዳኖረው ማወቁን የሚመሰክርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ከውጫሌ የተገኘው ትምህርት ለተራው ገበሬ የሕግ ከለላ ሆነ ማለት ይቻላል።

ሁለት ጎራ በአንድ ከተማ

ምስጢር ቁጥር ከዚህ ሁሉ የተለየ አመጣጥ አለው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ በ1966 ለገንዘብ መክፈያ መሣሪያ የሚሆን የግል ቁጥር አሠራር አስመዘገበ። ባርክሌይስ ባንክ ደግሞ በሰሜን ለንደን በኤንፊልድ የገንዘብ መክፈያ መሣሪያውን ሥራ ያስጀመረው ሰኔ 27 ቀን 1967 ነው፤ ጅቡቲ ነጻነቷን ካገኘችበት ዕለት ልክ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ። የዚያ መሣሪያ አባት ጆን ሼፐርድ ባረን በኋላ እንደ ተናገረው፣ መጀመሪያ ስድስት አሃዝ አስቦ ነበር፤ ባለቤቱ ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም ስላለችው ቁጥሩ አራት ሆነ። የዓለምን ገንዘብ የሚጠብቀው ቁልፍ ርዝመት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተወሰነ ማለት ነው።

በሱቅ ግዢ ላይ ግን ፊርማ ለረጅም ጊዜ ገዥ ሆኖ ቆየ። ፈረንሳይ ቀድማ ተለየች። ካይሮ የተወለደው ሮላን ሞሬኖ በ1974 በካርድ ላይ የሚቀመጥ አንጎል መሰል ቺፕ አስመዘገበ፤ በ1992 መጨረሻ ላይ የፈረንሳይ ባንኮች ካርዶች ቺፕ ያላቸውና ምስጢር ቁጥር የሚጠይቁ ሆነው ነበር። አሜሪካ ግን በመግነጢስ ክርና በፊርማ ጸናች። ለዚህ ልዩነት ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የስልክ ዋጋ ነው። በአሜሪካ ስልክ ርካሽ ስለ ነበር የሱቁ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ግዢ ባንኩን መጠየቅ ይችል ነበር። በፈረንሳይ ስልኩ ውድ ስለ ነበር ካርዱ ራሱ፣ ባንኩ ሳይጠየቅ፣ ቁጥሩን መርምሮ እንዲፈርድ ተደረገ። የአንድ አገር የጸጥታ ልማድ የተወለደው ከስልክ ሒሳብ ነው።

ብሪታንያ የካቲት 14 ቀን 2006 ወደ ቁጥር ተሻገረች። በአሜሪካ ቺፕ የተስፋፋው፣ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ቺፕ የማይቀበል ሱቅ የማጭበርበሩን ኪሳራ እንዲሸከም ከተደረገ በኋላ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ከፊርማ ጋር ነበር። በሚያዝያ 2018 ታላላቆቹ የካርድ ድርጅቶች በዚያ አገር ፊርማን ግዴታ ማድረጉን ተዉት። በእነዚያ ዓመታት ወደ አውሮፓ የሄደ አሜሪካዊ ሻጭ በሌለበት የባቡር ትኬት መሣሪያ ፊት ቆሞ ካርዱ እንቢ ሲለው ይደነግጥ ነበር፤ መሣሪያው ፊርማ አያይም፣ እርሱም ቁጥር አልተሰጠውም።

ጅቡቲ እነዚህን ሁለት ጎራዎች በአንድ ከተማ ውስጥ አስተናግዳለች። የፈረንሳይ ጦር ከነጻነት በኋላም በስምምነት እዚሁ ቆይቷል፤ አሜሪካውያን ከ2002 ጀምሮ በካምፕ ሌሞኒዬ ሰፍረዋል። አንዱ የመጣው ቁጥር ከለመደ አገር፣ ሌላው ፊርማ ከለመደ አገር ነው። ፊርማ የሚቀበል ሻጭ በወረቀቱ ላይ ያለውን ከካርዱ ጀርባ ካለው ጋር አስተያይቶ «ይህ እርሱ ነው» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ነበረው፤ ያውም በማያነበው ፊደል የተጻፈውን። ቁጥር የሚቀበል ሻጭ ግን ፊቱን ዞር አድርጎ መሣሪያው እስኪጮኽ ይጠብቃል። ዳኝነቱ ከሰው እጅ ወጥቷል።

ዕዳው የማን ነው?

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚል ጥያቄ የተለመደው መልስ «ቁጥር» ነው። ለተሰረቀ ካርድ እውነት ነው። ሌባ ፊርማን ከካርዱ ጀርባ እያየ ሊለማመደው ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ካርዱ ላይ የለም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር፤ ለምስጢር ቁጥር ሲሆን ምሳሌው ይገለበጣል፤ በጽሑፍ ያለ ይሰረቃል።

ነገር ግን ሐሰተኛ ፊርማ ወረቀት ላይ ይቀራል። ባለቤቱ «ይህ የኔ እጅ አይደለም» ብሎ ለዳኛ ሊያሳየው ይችላል። የተመታ ቁጥር ግን በማን ጣት እንደ ተመታ አይናገርም። ባንክ «ትክክለኛው ቁጥር ገብቷል፤ ስለዚህ ወይ አንተ ነህ፣ ወይ ለሰው ነግረሃል» ሊል ይችላል። ማስረዳት የባንኩ ሸክም የነበረው ወደ ደንበኛው ትከሻ ይሻገራል። መሣሪያው ደግሞ የማይሳሳት ምስክር አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሰርዥ ሁምፒሽ የካርዱን ደካማ ጎን አግኝቶ፣ በሠራው ካርድ የፓሪስ ሜትሮ ትኬት ገዝቶ አሳየ፤ በ2000 የዐሥር ወር የገደብ እስራት ተፈረደበት። በ2010 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ትክክለኛው ቁጥር ሳይታወቅ የሱቁን መሣሪያ «ቁጥሩ ልክ ነው» ማሰኘት እንደሚቻል አስመሰከሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ባወጣው የክፍያ መመሪያ፣ ቁጥሩ መመታቱን የሚያሳይ መዝገብ ብቻውን ደንበኛው ፈቅዷል ለማለት የግድ በቂ አለመሆኑን መደንገጉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህ ክርክር ዛሬ ከእኛም ደጅ ደርሷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2001 በአዲስ አበባ የገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎችን ሲተክል ቁጥሩ የጥቂቶች ነበር። በግንቦት 2021 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ምስጢር ቁጥር በሚሊዮኖች እጅ ገብቷል። ከእነዚህም መካከል የ1952ቱ ሕግ ምስክር እንዲቆምላቸው ያዘዘላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አሉ። በዚህ በጅቡቲ ደግሞ አማርኛ እንጂ ፈረንሳይኛ የማያነብ ሾፌር ወይም የቤት ሠራተኛ በመሣሪያው ፊት ቆሞ ከኋላው ያለውን ሰው «እባክህ ወንድሜ፣ ምታልኝ» ሲል መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ያ ሰው ደግ ከሆነ መልካም። ካልሆነ ግን ምስጢሩ ምስጢር መሆኑ ቀርቷል፤ ሕግም ሆነ ባንክ «ለምን ነገርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ድሀውን ነው።

እንግዲህ ምስጢር ቁጥር ይቅር የሚል አይኖርም፤ ወደ ጠገራ ብርም መመለስ አይቻልም። ነገር ግን ማኅተምም ፊርማም የጣት አሻራም በየዘመናቸው ምስክር ተጨምሮላቸው ነው የታመኑት። ራምቦን ከምጽዋ ያስለቀቀው የሚያውቀው ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ መጻፍ የማይችለውን ገበሬ የሚጠብቀው የዳኛ መኖር ነው። ለቁጥሩም ቢሆን ተመጣጣኝ ምስክር ማቆም የባንኮቹና የሕግ አውጪዎቹ ፋንታ ነው፤ መሣሪያው በተጠቃሚው ቋንቋ ይናገር፣ የሚከፈለውን ልክ ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ይንገረው፣ ክርክር ሲነሣም የማስረዳቱ ሸክም መዝገቡን በያዘው ወገን ላይ ይሁን። ይህ እስኪሆን ድረስ አራቱ አሃዞች የሚጠብቁት፣ ከደንበኛው ይልቅ፣ ባንኩን ነው።