የፖሊስ ሙት ቤተ ሰብ፤ ከማደሪያ እስከ ጡረታ

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት አብዛኛው ወታደር የሚኖረው በማደሪያ መሬት ነበር። ማደሪያም ለአገልግሎቱ የተሰጠው እንጂ ርስቱ ስላልሆነ፣ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ብዙ ጊዜ መተዳደሪያ ያጡ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 የፖሊስ ሠራዊት ሲቋቋም ጸጥታ አስከባሪው ደመወዝተኛ ሆነ። ዳሩ ግን ደመወዝ ከሠራተኛው ዕድሜ አያልፍም። እንግዲህ አባወራው የሞተበትን ቤት ማን ይደግፈው ነበር?

ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው በጉለሌ፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሠፈር ሁሉ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ዕድር ነው። በየወሩ ከሚዋጣው ገንዘብ ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ኀዘንተኛውን ያጽናናል። ዕድርተኛው የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ይሁን ፖሊስ ወጉ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ሲነሣ የልጆቹ ቀለብና ትምህርት ይቀራል።

ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የሙት ቤተ ሰብን ድጋፍ በሕግ የታወቀ መብት አደረገው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 714 ከሟቹ ጡረታ ለትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ እንዲከፈል ወሰነ።

ሆኖም መብት በማስረጃ ተጣርቶ እስኪከፈል ድረስ ልጅ ይርበዋል፤ የትምህርት ቤት ደወልም አይጠብቀውም። በዚህ መካከል የሚደርስ የበጎ አድራጎት ርዳታ እንደ ምጽዋት ሊቈጠር አይገባውም፤ ሌሊቱን ለጠበቀልን ሰው ዕዳችንን መክፈል ነውና።