በልብስ የተለዩ ሙታን

በመዝናኛ መርከብ የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው የእራት ልብስ ነው። ቀን ቀን ቁምጣና ነጠላ ጫማ ይበቃል። ብዙዎቹ መርከቦች ግን ዛሬም ሙሉ ልብስና ረጅም ቀሚስ የሚለበስበት ምሽት አላቸው። "ለመዝናናት ሄጄ ክራቫት ምን ያደርግልኛል?" የምትሉ ካላችሁ፣ ልማዱ ከየት እንደመጣ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ላይ ልብስ መታወቂያ ነበር። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ለእራት ልብስ ይቀይራል። ከሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ስደተኞች ነበሩ፤ የያዙት ልብስ አሜሪካ ገብተው ኑሮ የሚጀምሩበት ነው።

መርከቡ ሰጥሞ ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል እንላለን። እዚያ ግን አላደረገም። ማኬይ ቤኔት የተባለች መርከብ ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ወጥታ 306 አስከሬን አገኘች። አስከሬን እንዳይበላሽ የሚያደርገው መድኃኒት አልበቃ ሲል 116ቱ እዚያው ባሕር ውስጥ ተቀበሩ። አብዛኞቹ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችና የመርከቡ ሠራተኞች ነበሩ። ማዕረጋቸው የተገመተው በአለባበሳቸው ነው። ቱጃሩ ጆን ጃኮብ አስተር ግን ኮሌታው ላይ ባሉት የስሙ መነሻ ፊደላት ታውቆ ወደ የብስ ተወሰደ።

ከተገኙት መካከል ስሙ ያልታወቀ ሕፃን ነበር። መርከበኞቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ሐውልት አቆሙለት። የሟቾቹ ልብስ ለማስታወሻ እየተባለ እንዳይሸጥ ሃሊፋክስ ውስጥ ሲቃጠል፣ አንድ ፖሊስ የሕፃኑን ጫማ እሳት ውስጥ መጣል አልሆንልህ አለው። ደብቆ አስቀመጠው። በ2002 ቤተሰቡ ለሙዚየም ሰጠ።

በዚያው ዓመት በዘረመል ምርመራ ሕፃኑ የ13 ወር ልጅ ነው ተባለ። ጫማው ግን ለ13 ወር ልጅ ይሰፋል! ምርመራው እንደገና ተደረገ፤ በ2007 እውነተኛ ስሙ ተገኘ። ሲድኒ ጉድዊን፣ የ19 ወር እንግሊዛዊ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ። እናቱ፣ አባቱና አምስቱም ወንድምና እህቶቹ አብረውት አልቀዋል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የእራት ልብሱን ያዙ፤ ማማር ነውር የለውም። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ግን በኮቱ አትመዝኑት። ያን ቀን በኮት የተመዘኑት ሰዎች መቃብር እንኳ አላገኙም።